የጊደሯ ኪንታሮትና የፖሊሱ ፈረስ ጭራ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወርቅዬ ጎሹ
ዕድሜ፦ 57 (ምስክሯ “በመታወቂያው ላይ ነው እንጂ ከዚያም አልፋለሁ” ብለዋል)
የትውልድ አገር፦ ጎንደር፣ ወገራ
አድራሻ፦ ኢየሩሳሌም፣ ምሥራቅ ታልፒዮት
ሥራ፦ ታልፒዮት በሚገኝ የዕቃ መጋዘን የጽዳት ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ፌብሯሪ 24 ቀን 1999፣ ከረፋዱ 10፡20 (በእስራኤል ሰዓት)
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ካሌብ አስረስ
ጉዳዩ፦ በኢትዮጵያ ጎዳና በፖሊስ ፈረስ ላይ ተፈጸመ ስለተባለው ጥቃትና በፈረሰኛው ላይ ስለደረሰው ጉዳት

እኔ ስሜ ከላይ የሰፈረው ምስክር ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ገብቶኛል። ሳይነገረኝም ገብቶኝ ነበር። ቃሌን በአማርኛ የምሰጠው ዕብራይስጥ ጨርሶ ስለማላውቅ አይደለም፤ ለገበያና ለአውቶቡስ የሚበቃ አለኝ። ነገር ግን የወንድሜ ጉዳይ የቲማቲም ጉዳይ ስላልሆነ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ካልመጣ አልናገርም ብዬ ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚህ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ፤ ዛሬም በጠዋት ተመለስኩ። የመጣልኝ ሳጅን ካሌብ ነው። የእኛው ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃቸዋለሁ።

ሳጅን ካሌብ መጀመሪያ “ተጠርጣሪው” ብሎ ጽፎ ነበር። ተጠርጣሪ የሚባል ወንድም የለኝም ስላልኩ ስሙ እየተጠራ እንዲጻፍ ተስማምተናል። ወንድሜ ዳኜ ጎሹ ይባላል። ታናሼ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ሞሻቭ በሚሉት የገበሬዎች መንደር ውስጥ ላም አላቢ ሆኖ ይሠራል። አገሩን ለቆ ከመጣ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሆነለትም፤ ፋብሪካ ሞክሮ “የሚተነፍስ ነገር የለበትም” ብሎ ወጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ማልካን ያሳደግናት እኔና እሱ ነን። ከሁለት ዓመት በፊት ባለከብቱ እናቷ የሞተችባትን አንዲት ጥጃ ለነጋዴ ሊሸጣት ሲል ወንድሜ ለእኔ ተዋት ብሎ በጡጦ አሳደጋት። ጥጃዋ አሁን ጊደር ናት። ሳጅን ካሌብ ስለ ፈረሱ ተናገሪ ቢለኝም ከጊደሯ ካልጀመርኩ የፈረሱ ነገር የእብድ ሥራ ስለሚመስል ከእሷ እጀምራለሁ።

ማልካ ባለፈው ዓመት ውዱ ለሚባል ወጣት ታጨች። ልጁ ጨዋ ነው፤ በእሱ ላይ የምለው የለኝም። ሽማግሌ ሲቀመጥ እንደ አገራችን ወግ ማጫ ተነሣ። ማጫ ማለት ሙሽሮች ጎጆ ሲወጡ ከሁለቱም ወገን የሚሰጣቸው ከብት ነው። እዚህ አገር ከብቱ የት ይታሰራል ተብሎ በብዙዎቹ ቤት ማጫው ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ሆኗል። የሙሽራው ወገንም ማቀዝቀዣ አለ። ወንድሜ ግን “አባቴ እህቴን ሲድር ጊደር ነድቶ ነው፤ እኔም ልጄን ስድር ጊደር እሰጣለሁ” አለ። ያቺ እህት እኔ ነኝ። ጊደሯ ሞሻቩ በረት ትቆያለች፣ ስትወልድ ጥጃውም ወተቱም የሙሽሮቹ ይሆናል ብሎ አስረዳ። ሰው ሳቀ። “ላም አለኝ በሰማይ” ብለው ተረቱበት። ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሙሽራው አጎት፣ የዚያ ወገን ዋና ሽማግሌ፣ አቶ አይቸው በላይነህ ነው። “ቃል ከወጣ ወጣ፤ እንግዲያው ነውር የሌለባት ትሁን” አለ። ወንድሜም በሽማግሌ ፊት ተነሥቶ “ነውር የሌለባት ጊደር” ብሎ ቃል ገባ።

አቶ አይቸውን “እሱ” እያልኩ መናገሬ በስሕተት አይደለም። እስከ ትናንት ድረስ አንቱ እለው ነበር፤ ትናንት አንሥቻለሁ። ሳጅን ካሌብ በጽሑፍ ላይ አንቱታ ቢሆን ይሻላል ቢለኝም አልተስማማሁም። አቶ አይቸው ከእኛ ቀድሞ የመጣ፣ ዕብራይስጥን እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው። ሥራውም ማስተርጎም ነው። ከኢትዮጵያ ጎዳና ትንሽ ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የእኛን ሰው ነገር ለባለሥልጣን፣ የባለሥልጣንን ነገር ለእኛ ሰው ይናገራል። ሐኪም ቤትም ሲጠራ ይሄዳል፤ እዚህም ሲጠራ ይመጣል። ይህን ይዤ ልቀጥል።

ዝናብ ከጀመረ ወዲህ በጊደሯ አንገት ላይ ኪንታሮት ወጣ። መጀመሪያ ምስር ያህል ነበር። ከዚያ ሽንብራ አከለ፤ ከዚያ በአንገቷ ዙሪያ ተዘራ፤ አንዲት ትልቅ ደግሞ ከመንጋጋዋ ሥር እንደ ጎመን አበባ ተንዠርግጋ ወጣች። በዚያው በረት ያሉ ሌሎች ወጣት ከብቶችም ወጥቶባቸዋል። ወንድሜ ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ባለፈው ወር አቶ አይቸው “ማጫውን ልየው” ብሎ ወደ ሞሻቩ ሲሄድ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። በዚያ ቀን የከብት ሐኪሟ ኢሪት ለሥራዋ መጥታ ስለነበር ወንድሜ ጊደሯን እንድታይለት ለመናት።

ኢሪት በጓንት ዳስሳ አየቻትና ክፉ ነገር አይደለም አለች። በቪሩስ የሚመጣ የከብት ኪንታሮት ነው፣ ወጣት ከብት ይወዳል፤ የጆሮ ምልክት ሲደረግ በአንዱ ጉጠት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ በአንገት ገመድና በሚታከኩበት እንጨትም ይጋባል፤ ወተት አያበላሽም፣ ሰውን አይዝም፣ በራሱ ጊዜ ይረግፋል አለች። የሚረግፈው መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ ወራት ይፈጃል አለች። አትቁረጡት፣ በክር አትሰሩት፣ ይደማና ሌላ ነገር ያመጣባታል ብላ አስጠነቀቀች። ይህን ሁሉ ለእኔና ለወንድሜ የተረጎመልን አቶ አይቸው ራሱ ነው። ስለዚህ አላወቀም እንዳይባል።

ሐኪሟ መኪናዋ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን አቶ አይቸው በራሱ አፍ መናገር ጀመረ። “ይሄ የዶክተር ነገር ነው። ለእኛ የተገባልን ቃል ነውር የሌለባት ነው” አለ። ወንድሜ እስክትድን ይቆይና ከሠርጉ በኋላ ላስረክብ ቢለው “ከብቷ ኪንታሮታም ከሆነች ልጅቷስ ምን ይወጣባት ይሆን የሚል ዘመድ አለኝ፤ አፉን በምን ልዝጋው?” አለው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ማልካን እኔ ነኝ አጥቤ ያሳደግኋት፤ በሰውነቷ ላይ አንዲት ጭረት የለባትም። አፌን ስከፍት ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ያን ቃሌን መዋጤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ “ታዲያ ምን ይሻላል?” ሲለው “የፈረስ ጭራ ነዋ፤ አባትህ አላሳየህም?” አለው።

ሳጅን ካሌብ የፈረስ ጭራ ምን እንደሚያደርግ እንዳስረዳ ጠየቀኝ። በአገራችን ከኪንታሮቶች መካከል ቀድማ የወጣችውና ትልቋ እናት ትባላለች። እናቲቱን በፈረስ ጭራ ፀጉር ሸብ አድርገው ሲያስሯት ደርቃ ትወድቃለች፤ ልጆቿም ተከትለው ይረግፋሉ ይባላል። ይሠራል ወይስ ሳይታሰርም ይረግፍ ነበር በሚለው ከኢሪት ጋር አልከራከርም። ፀጉሩ ግን የወንድ ፈረስ መሆን አለበት፤ የባዝራ ጭራ ሽንቷ ስለሚነካው ይበጠሳል። ከሥሩ መነቀል አለበት እንጂ አይቆረጥም። የበቅሎ ጭራ ደግሞ አይሆንም፤ በቅሎ መካን ስለሆነች እናትን አታሸንፍም። አቶ አይቸው በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሽማግሌዎች ሲያዩዋት እናቲቱ ታስራ ከተገኘች “እየታከመች ነው” ብዬ አፋቸውን እዘጋለሁ አለ። ሠርጉ ነገ ሐሙስ ነው።

ወንድ ፈረስ በኢየሩሳሌም ፈልጉ እስቲ። መጋዘናችን አጠገብ አሮጌ ዕቃ በጋሪ የሚሰበስብ ሰው አለ፤ ወንድሜን ይዤው ሄድኩ፣ የሚጎትተው በቅሎ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ባለጋሪ አገኘን፣ እሷ ደግሞ ባዝራ ናት። ባለቤትየው የባዝራዋን ኋላ ጎንበስ ብለን ስናይ ሳቀብን። ወንድሜ አልሳቀም። ቃል የገባው በሽማግሌ ፊት ስለሆነ መሳቅ አልቻለም።

ትናንት ማክሰኞ ወንድሜ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ጠዋት ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ወርደን ለሠርጉ የሚሆን ቅመም ገዛን። ከዚያ አቶ አይቸው ወደ መሥሪያ ቤቱ እንድንመጣ በስልክ ስለነገረን በእግራችን ሄድን። ከጠዋቱ 10 ሰዓት አካባቢ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ተቀበለን። ኮት ለብሷል፤ ባርኔጣ አድርጓል። “ዛሬ የክርስቲያኖቹ ኪዳነ ምሕረት ነው። መንገዱ ስለሚጨናነቅ ፈረሰኛ ፖሊስ ይቆማል፤ ከዚያ የተሻለ ፈረስ አታገኙም” አለን። ሐሳቡ የማን እንደነበር ስጠየቅ የአቶ አይቸው ነው ብዬ እመልሳለሁ። ወንድሜ ስለ ፖሊስ ፈረስ በሕልሙም አላሰበም።

ኢትዮጵያ ጎዳና ከነቢያት ጎዳና ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ሁለት ፈረሰኞች ቆመው ነበር። ጎዳናው ውስጥ ካለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን የከበሮና የእልልታ ድምፅ ይሰማል፤ ነጭ የለበሰ ሰው በጠባቡ መንገድ ይወጣል ይወርዳል። አንደኛው ፈረስ ዳማ ነው፤ ጭራው ረጅም ነው፤ ኋላውን ወደ እኛ አድርጎ ቆሟል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አይቶ ወንድ ነው አለ። እኔ አቶ አይቸውን “አንቱ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ፖሊሱን ይጠይቁልን። አንድ ፀጉር ቢሰጠን ምን ይጎዳል?” አልኩት። ይህ ቃሌ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ፤ ለምኜዋለሁ። እሱ ግን “ይህንን ብዬ ብጠይቅ አእምሮዬ የተነካ ይመስላቸዋል፤ እኔ እዚህ ሰፈር ሰው ያውቀኛል” አለ። ለወንድሜም “ቀስ ብለህ ንቀል፤ ፈረስ አንድ ፀጉር አይሰማውም” አለው።

ወንድሜ ከብት ሲቀርብ እንዴት እንደሚቀርብ ያውቃል። ከጎን ሄደ፤ ፈረሱ እንዲያየው እጁን አሳየው፤ አንድ ፀጉር በጣቱ ጠቅልሎ ነቀለ። ፈረሱ ጭራውን እንኳ አላወዛወዘም። ወንድሜ ፈገግ ብሎ ወደ እኛ ተመለሰ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተቀመጥኩ። አቶ አይቸው ፀጉሩን ተቀብሎ በብርሃን አየና “ይቺ ቀጭን ናት፤ ትበጠሳለች። ድገም” አለ። የመጀመሪያዋን ፀጉር ጠቅልሎ በኮቱ የደረት ኪስ ከተታት። የት እንዳለች ዛሬ የምትጠይቁ ከሆነ እሱን ፈትሹ።

ወንድሜ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ። ፀጉሩን በያዘበት ቅጽበት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንገት ትልቅ እልልታ ተነሣ። ፈረሱ ደነበረ። ወንድሜም ስለደነገጠ ፀጉሩን ሳይለቅ ሳበ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ረገጠና ዘወር ሲል ፈረሰኛው ልጓሙን በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ስለነበር ወደቀ፤ በእጁ ላይ ነው የወደቀው። እጁ እንደተሰበረ እዚህ ነው የሰማሁት። አዝኛለሁ፤ የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለው። ሲወድቅ እኔም ጮኼያለሁ። ነገር ግን ወንድሜ አልገፋውም፣ አልነካውም፣ ወደ ፈረሰኛው ፊቱን እንኳ አላዞረም። በእጁ የነበረው ፀጉር ብቻ ነው።

ስለ ሰንጢዋ ተጠይቄ የምመልሰው ይህን ነው። በእግር የነበሩ ፖሊሶች ወንድሜን ድንጋይ ላይ በደረቱ አስተኝተው በጉልበታቸው ጀርባውን ሲጫኑት ከኪሱ አንዲት ሰንጢ ወደቀች። “ሰኪን! ሰኪን!” ብለው ጮኹ፤ ቢላ ማለታቸው ነው። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሸሸ። ያቺ ሰንጢ በበረት የድርቆሽ ገመድ የሚቆርጥባት ናት። እንደታጠፈች ነው የወደቀችው፤ በማጠፊያዋ ውስጥ የድርቆሽ ፍርፋሪ አለ። ከፍታችሁ እዩ። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ግንባሩ ደምቶ፣ ፊቱ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ፣ “ምን አጠፋሁ?” እያለ በአማርኛ ሲጮህ ማንም የሚሰማው አልነበረም። አንድ መነኩሴ ብቻ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በኩል መጥቶ የወንድሜን ቆብ አነሣና አራግፎ ሰጠኝ፤ ለእኔም ውሃ አመጣልኝ። ሃይማኖቱ የእኛ የቤተ እስራኤሎች አይደለም፤ ስሙንም አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

እኔ “አኺ! አኺ!” እያልኩ ገባሁባቸው፤ ወንድሜ ነው ማለቴ ነው። አንዱ ፖሊስ ምን ሊያደርግ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ለፈረስ የሚሆን ዕብራይስጥ አለኝ፤ ለላምም አለኝ። ኪንታሮት ምን እንደሚባል ግን ትናንትም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። የጊደሯ ሕመም የት እንደሆነ ላሳየው ብዬ ጣቴን በአንገቴ ላይ አዞርኩ። ፖሊሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ለካ አርዳለሁ ያልኩት መስሎታል። ያን ጊዜ ዞሬ አቶ አይቸውን “ይንገሩልን! አንድ ቃል ይንገሩልን!” አልኩት። ከእኛ በክንድ ርቀት ቆሟል። ፖሊሱም አየውና እነዚህን ሰዎች ታውቃቸዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

አቶ አይቸው ወንድሜን አየው። እኔን አየኝ። “አኒ ሎ መኪር ኦታም” አለ። አላውቃቸውም ማለት ነው፤ ይህንን ያህል ዕብራይስጥ ይገባኛል። ከዚያ ባርኔጣውን አስተካክሎ በሕዝቡ መሃል ሄደ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይህ ነው። ነገ ሐሙስ ከወንድሜ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሊመርቅ የነበረ ሰው ነው! በአንድ ገበታ የበላን ነን! (ምስክሯ ይህን ሲናገሩ ጠረጴዛውን መትተዋል። ውሃ ቀርቦላቸው አልጠጡም።)

ከዚያ በኋላ ወንድሜ በመኪና ወደዚህ ተወሰደ፤ እኔ በአውቶቡስ ተከትዬ መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ሰው ቦርሳውን በብብቱ አድርጎ ገባ። አቶ አይቸው ነው። ጣቢያው አማርኛ አስተርጓሚ ስለፈለገ የተጠራው እሱ ነው። በአጠገቤ ሲያልፍ “እንደምን ዋልሽ ወርቅዬ” አለኝ። ጠዋት አላውቃቸውም ያለው ሰው ስሜን ጠርቶ እንደምን ዋልሽ አለኝ! ተነሥቼ ጮህኩ። ጸጥ ካላልሽ ትወጫለሽ ተባልኩ። ወንድሜ ወዳለበት ክፍል ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን በዓይኔ አላየሁም፤ ዛሬ ጠዋት ሳጅን ካሌብ ባለበት ወንድሜን እንዳይ ሲፈቀድልኝ ከራሱ አፍ የሰማሁት ነው። ግንባሩ በፕላስተር ተለጥፏል። መጀመሪያ የጠየቀኝ “ጊደሯን ማን አጠጣት?” ብሎ ነው። ተቆጣሁት። ትናንት ምን ብለህ ቃል ሰጠህ አልኩት።

“ብቻዬን ነበርኩ አልኩ” አለኝ።

“ለምን?”

“ምን ላድርግ እትዬ? የልጄ አማች ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። በገዛ አፉ እሱኑ ልክሰሰው?”

“ፀጉሩን ለምን ፈለግከው ሲሉህስ?”

“ለጊደር ካልኩ ጊደሯ የማን ናት ይላሉ። የልጄ ማጫ ናት ካልኩ አማችህ ማን ነው ይላሉ። ለምንም አልኩ።”

“እሱስ ምን አደረገ?”

“ተረጎመው። እንዳልኩት አድርጎ ተረጎመው። ላቡን ሲጠርግ አየሁት።”

እንግዲህ በወንድሜ ላይ የቀረበው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህች “ለምንም” በምትባል ቃል ላይ ነው። ሰው ለምንም ብሎ ከፖሊስ ፈረስ ኋላ ሰንጢ ይዞ አይቆምም ተብሏል፤ እውነትም አይቆምም። ወንድሜ ሲለየኝ እጄን ይዞ “ስሙን አታንሺ። ነገ ሠርግ ነው” ብሎ ለመነኝ። ሳጅን ካሌብ ሰምቷል።

ሳጅን ካሌብ የእኔ ቃል ከወንድሜ ቃል ጋር እንደሚጋጭ፣ ሁለቱ ከተጋጩ መርማሪው የትኛውን እንደሚያምን እንደማይታወቅ ነገረኝ። ይጋጭ። የወንድሜ ቃል ይሉኝታ ነው፤ የእኔ ዓይኔ ያየው ነው። ለሠርጉ ተጨንቄ የአቶ አይቸውን ስም ልደብቅ አስቤ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ትናንት ማታ አስቤያለሁ። ማልካን ጠየቅኋት። ያቺ ልጅ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በአማርኛ ነው የምታወራው። “ዶዳ፣ አባዬ ከሌለ እኔ አላገባም፣ ዜሁ” አለችኝ። አክስቴ፣ በቃ ማለቷ ነው። ውዱም አብሯት ነበር፤ ራሱን ይዞ ተቀመጠ እንጂ አንቺ ልክ አይደለሽም አላላትም። ስለዚህ ስሙን ብደብቅ ሠርጉ የለም፤ ስሙን ባወጣም ላይኖር ይችላል። ባወጣ ግን ወንድሜ ቤቱ ይገባል። ወንድሜ ስሙን በመጥራቴ ይቀየመኛል፤ ምናልባት እስክሞት አያናግረኝም። ዳኜን አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ፊት ያዋረዱትን ይቅር ይላል፤ እሱን ለማዳን ብላ ሽማግሌ ያዋረደችበትን ግን አይምርም። ይቀየመኝ። በቤቱ ሆኖ ይቀየመኝ።

ማንን መጠየቅ እንደሚቻል ስጠየቅ የከብት ሐኪሟ ኢሪት ትጠየቅ እላለሁ። ጊደሯም አለች፤ ሂዱና አንገቷን እዩ፤ ከመንጋጋዋ ሥር ያለችውን ሳትታሰር ታገኟታላችሁ። ባለከብቱም ሰንጢዋን ያውቃታል። በአቶ አይቸው ላይ ቂም እንዳለኝ ተጠይቄ፣ አዎን አለኝ። ቂሙ ግን ከትናንት ጠዋት በኋላ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት አክብሬው ነበር፣ ወንበር ለቅቄለት ነበር። ቂም ስላለኝ ያየሁት አልተለወጠም።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። አንድ ቦታ “ተቆጣሁ” ተብሎ የተጻፈውን “ደሜ ፈላ” በሚል አስተካክያለሁ፤ የተቆጣ ሰው ይመለሳል፣ እኔ ግን ተናድጃለሁ። ያየሁትን እንዳየሁ፣ ከወንድሜ የሰማሁትን ከወንድሜ እንደሰማሁ ለይቼ ተናግሬያለሁ። ፍርድ ቤት ብቆምም ይህንኑ እደግማለሁ። ለመፈረም በአውራ ጣት ማተም እንደምችል ተነግሮኝ ነበር፤ ስሜን መጻፍ ስለተማርኩ በእጄ እፈርማለሁ።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዲጨመርልኝ ጠይቄያለሁ። መርማሪው አማርኛ ስለማይችል ይህ ወረቀት ወደ ዕብራይስጥ መገልበጥ እንዳለበት ተነግሮኛል። ሳጅን ካሌብ እኔ ራሴ እገለብጠዋለሁ ቢለኝም አልፈልግም። አቶ አይቸው ይገልብጠው። ዛሬም ተጠርቶ መጥቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። በጉዳዩ ውስጥ ስሙ የተጠራ ሰው ተርጓሚ መሆን አይችልም ተባልኩ። ትናንት እኮ ችሎ ነበር! የተሻለ ተርጓሚ በኢየሩሳሌም የለም፤ የወንድሜን ውሸት እንኳ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተርጉሟል። አሁን ደግሞ እውነቱን ይተርጉም። “አላውቃቸውም” የምትለዋን በዕብራይስጥ ራሱ ስለተናገራት አትከብደውም። እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወርቅዬ ጎሹ

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ካሌብ አስረስ (ፊርማ)

ወደ ዕብራይስጥ የተረጎመው፦ (ቦታው ክፍት ነው። ምስክሯ በእርሳስ በራሳቸው እጅ “አይቸው በላይነህ” ብለው ጽፈውበታል። እስኪፈረምበት ድረስ ከጣቢያው እንደማይወጡ ገልጸዋል። ሰዓቱ ከቀኑ 12፡15)